ውሻው እጥፍ ስለሆነ ምግቡ እጥፍ አይሆንም

ሰሞኑን ኢንቦክሴ ላይ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው። «ቲቸር፣ ለውሻዬ ደረቁን ምግብ በቀን ስንት ጣሳ ልስጠው?» የሚጠይቁኝ አብዛኞቹ ድሮ ሒሳብ ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው። አሁን ቤት ይዘዋል፣ ትዳር ይዘዋል፣ ውሻም ይዘዋል። እኔ ጋ ሦስት ውሾች እንዳሉ ፎቶ ላይ ስለሚያዩ የእንስሳት ሐኪም ያደረጉኝ ይመስለኛል። አይደለሁም። ግን ጥያቄው የሒሳብ ጥያቄ ስለሆነ ልመልሰው እችላለሁ። መልሴ ሁልጊዜ በሌላ ጥያቄ ነው የሚጀምረው፤ የትኛው ጣሳ? የስንት ኪሎ ውሻ? እዚህ ጋ ሁሉም ዝም ይላል።

ለእያንዳንዱ ለብቻ ከመጻፍ እዚሁ በረጅሙ ልጻፈው ብዬ ነው። ቡናችሁን ያዙና አንብቡ።

ጀሞ ውስጥ የማየው ሁለት ዓይነት አሰጣጥ ነው። አንደኛው «ውሻ ውሻ ነው» የሚለው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ጸጉራሟ ትንሽ ውሻም፣ በር ላይ የታሰረው ጀርመን ሼፐርድም አንድ አንድ ጣሳ ይደርሳቸዋል። ትንሿ ደረጃ መውጣት እስኪያቅታት ትወፍራለች፣ ትልቁ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ሁለተኛው አሰጣጥ የተማረ ሰው አሰጣጥ ነው፤ «የኔ ውሻ ከጎረቤቴ ውሻ በስምንት እጥፍ ይከብዳል፣ ስለዚህ ስምንት እጥፍ ይበላል» ይላል። ይሄኛው ሒሳብ ስለሚመስል የበለጠ ያሳስታል። ብር የሚበላውም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሻ የሚበላው በአብዛኛው ሰውነቱን በሕይወትና በሙቀት ለማቆየት ነው። ሙቀት ደግሞ የሚወጣው በቆዳ በኩል ነው። ቡና ስታፈሉ አይታችሁ ይሆናል፤ ሲኒው ላይ የተቀዳው ገና ወሬ ሳትጀምሩ ይቀዘቅዛል፣ ጀበናው ውስጥ ያለው ግን እንደጋለ ይቆያል። ቡናው አንድ ነው፤ ሲኒው ግን ለያዘው መጠን ሰፊ ገላ አለው። ትንሽ ውሻ ሲኒ ነው፣ ትልቅ ውሻ ጀበና። ትንሿ በኪሎ ሲሰላ ከትልቁ የበለጠ ታቃጥላለች።

ይሄን የደረሰበት ሰው ደግሞ የሠራው በውሻ ነው! ማክስ ሩብነር የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1883 ከ3 ኪሎ አካባቢ እስከ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ውሾችን ሰብስቦ የሚያወጡትን ሙቀት ለካ። ትንሹ ውሻ በአንድ ኪሎ ሰውነቱ የሚያወጣው ሙቀት ከትልቁ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በ1932 ደግሞ ማክስ ክላይበር፣ ትውልዱ ስዊዝ፣ የሚሠራው ካሊፎርኒያ፣ ብዙ ዓይነት እንስሳትን አነጻጽሮ ፍጆታው የሚያድገው ክብደቱ በሦስት አራተኛ ፓወር ከፍ ሲል ነው አለ። ዛሬም የእንስሳት ሐኪሞች የሚያሰሉት በዚሁ ነው።

«ሦስት አራተኛ ፓወር» ስል ክፍል ውስጥ ወደ መስኮት ዞር የምትሉትን አውቃችኋለሁ። ተመለሱ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። የውሻውን ኪሎ በራሱ፣ እንደገና በራሱ አባዙት። ከዚያ የስኩዌር ሩት ምልክቱን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። በቃ። የኔ ቡቺ፣ የሐበሻ ውሻ ነው፣ 16 ኪሎ ይመዝናል። 16 × 16 × 16 = 4096። አንድ ጊዜ ስኩዌር ሩት 64፣ ሁለተኛ 8። ቁጥሩ 8 ነው። ይህን በ70 ስታባዙት 560 ኪሎ ካሎሪ ይመጣል፤ ምንም ሳይሠራ ተኝቶ ቢውል የሚያስፈልገው ነው። ለሚነሳ፣ ለሚወጣ፣ ለሚጮህ አዋቂ ውሻ ደግሞ በ1.6 ይባዛል፤ 896። ደረቅ ምግብ ብዙውን ጊዜ በ100 ግራም 350 እስከ 400 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ አለው፤ ከረጢቱ ላይ ተጽፎ ካላገኛችሁ 360 ብላችሁ ያዙ። ለቡቺ በቀን 249 ግራም፣ ማለትም ሩብ ኪሎ መሆኑ ነው።

አሁን ትንሿን እንያት፤ 4 ኪሎ ናት። ቁጥሯ 2.83፣ በቀን 88 ግራም። ትልቁ 32 ኪሎ ነው። ቁጥሩ 13.45፣ በቀን 419 ግራም። ከ4 ወደ 32 ስምንት እጥፍ ነው፤ ምግቡ ግን አምስት እጥፍ እንኳ አልሞላም። ያ «ስምንት እጥፍ ይበላል» ያለው ሰው ለትልቁ 704 ግራም ነበር የሚሰጠው። በየቀኑ 285 ግራም ትርፍ ማለት ነው። በ30 ቀን ስታባዙት ከ8 ኪሎ ተኩል ያልፋል! በዛሬ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። በተቃራኒው ከትልቁ ተነስቶ ለትንሿ «ስምንተኛውን» የሚሰጥ ሰው 52 ግራም ይደርሳታል፤ ከሚገባት 40 ከመቶ አካባቢ ተወሰደባት።

ይሄ ቁጥር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልንገራችሁ።

ሰፈራችን ውስጥ ባለቤቱ ውጭ አገር የሚኖር ግቢ አለ። ዘበኛው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ግቢውንም ሁለቱን ውሾችም የሚጠብቅ እሱ ነው። ድሮ የነበሩት ሁለቱም የሐበሻ ውሾች፣ እንደ ቡቺ 16 ኪሎ አካባቢ ናቸው። ባለ 20 ኪሎው ከረጢት 40 ቀን ያዘልቅ ነበር። ውሾቹ አረጁና በሁለት ሼፐርዶች ተተኩ፤ እያንዳንዳቸው 32 ኪሎ ገደማ። ከረጢቱ በ24 ቀን ማለቅ ጀመረ። ባለቤቱ በስልክ ምን አለ መሰላችሁ? «ምግቡን እየሸጠው ነው።» ሰውዬው መጥቶ በሬ ላይ ቆሞ «እግዜር ያሳይዎት መምህር፣ እኔ የውሻ ምግብ ለማን ነው የምሸጠው?» አለኝ።

ወረቀት አውጥተን ቁጭ አልን። ሁለት የሐበሻ ውሻ 249 እና 249፣ በቀን 498 ግራም። 20 ኪሎው 40 ቀን፤ ልክ ነው። ሁለት ሼፐርድ 419 እና 419፣ 838 ግራም። 20 ኪሎው 24 ቀን ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ይኸውም ልክ ነው። ሰውዬው ያለ ሚዛን፣ በዓይኑ ብቻ፣ የውሾቹን ጎን እያየ የሚሰጠው መጠን ከመጽሐፉ ጋር ገጠመ። (ባለቤቱ «ውሾቹ እጥፍ ናቸውና በ20 ቀን ያልቃል» ብሎ ቢያሰላ ኖሮ ደግሞ ዘበኛው አራት ቀን አተረፈ ብሎ ሊሸልመው ነበር ማለት ነው።) ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክንለት። ጥቂት ቆይቶ «ገባኝ» የሚል አንድ ቃል መጣ። ይቅርታ የሚለው ቃል አልመጣም፤ ሰውዬው ግን ሥራው ላይ አለ።

ስንት ግቢ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወረቀት የሚያወጣ ሰው ሳይገኝ አንድ ሰው ሌባ ተብሎ እንደወጣ አስባለሁ። ውሻ ገዝታችሁ ለዘበኛ ወይም ለቤት ሠራተኛ የምትተዉ፣ ከከረጢቱ ጋር የግራም ቁጥሩን ጻፉላቸው። መስፈሪያም አስቀምጡላቸው። «አብላው» ብሎ መሄድ ትእዛዝ አይደለም፣ ጥርጣሬን ማስቀመጥ ነው።

ስለ መስፈሪያው ካነሳን፣ ጣሳ ክብደት አይለካም፣ ቦታ ነው የሚለካው። የኔው ጣሳ በአንዱ ምግብ ሲሞላ 110 ግራም፣ ፍሬው ጎርደድ ባለው በሌላው ሲሞላ 85 ግራም ነው የሚይዘው። ለ4 ኪሎ ውሻ ይህ ልዩነት የምሳዋን ሩብ ያህላል። ስለዚህ ጣሳችሁን አንድ ጊዜ ሞልታችሁ ሰፈር ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝኑ፣ ልኩ ጋ በማርከር አስምሩ፣ አለቀ። የምግቡን ዓይነት ስትቀይሩ እንደገና። በተለይ በፌስታል ተመዝኖ የሚሸጠውን የምትገዙ ሰዎች ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳ ስለማታውቁ ይሄን አትዝለሉ።

ውሻውን ለመመዘን ደግሞ ክሊኒክ መሄድ ግድ አይደለም። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች አሉ አይደል? ውሻችሁን ታቅፋችሁ ውጡበት፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡ፣ ቀንሱ። የሁለት ሰው ሂሳብ ክፈሉ እንጂ ልጁን አታስቀይሙት። ታቅፋችሁ የማትችሉትን ውሻ ለክትባት ክሊኒክ ስትወስዱት እዚያው አስመዝኑ።

ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ከቁጥሩም ይበልጣል። ስሌቱ መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ሁለት እኩል የሚመዝኑ ውሾች አንዱ በሰንሰለት ታስሮ ሲውል ሌላው ግቢውን ሲዞር ቢያድር እኩል አይበሉም። የተኮላሸው በ1.6 ሲባዛ፣ ያልተኮላሸው እስከ 1.8 ይደርሳል፣ ታስሮ የሚውለው ወደ 1.2 ወይም 1.4 ይወርዳል። ክረምት ላይ ውጭ የሚያድር ውሻ ይጨመርለታል። ዳኛው እጃችሁ ነው። እጃችሁን ጨብጡና በሌላው እጅ ጉልጥምቶቹ ላይ ዳብሱ፤ የውሻው ጎድን እንደዚያ ጎርበጥ ካለ ቀጥኗል። እጃችሁን ዘርጉና መዳፉ ላይ ሥጋ ያለበትን ዳብሱ፤ እንደዚያ ከሆነ ወፍሯል። የተዘረጋው እጅ ጀርባ ላይ አጥንቱ በስሱ ይሰማል፣ አይጎረብጥም፤ የምትፈልጉት እሱን ነው። በየሁለት ሳምንቱ እየዳበሳችሁ አስር አስር ከመቶ ጨምሩ ወይም ቀንሱ።

እዚህ ላይ የሚመጣውን ኮሜንት አውቀዋለሁ። «ቲቸር፣ ውሻ ከጠገበ አይጠብቅም።» ይሄ አባባል ስንት ውሻ እንዳስራበ! እስቲ አስቡት። የራበው እንስሳ የመጀመሪያ ሥራው ጉልበት መቆጠብ ነው፤ ይተኛል። ሁለተኛ ሥራው ምግብ መፈለግ ነው፤ አጥር ሾልኮ ቆሻሻ ገንዳ ጋ ይሄዳል። ያኔ በራችሁን ማን እየጠበቀው ነው? ሌባ ሲመጣ ደግሞ አንድ ቁራጭ አጥንት ይበቃዋል። የራበው ውሻ ቁጡ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ቁጣው ሳህኑ አጠገብ ባለፈው ልጃችሁ ላይ ነው እንጂ ሌሊት አጥር በሚዘለው ላይ አይደለም። የቀድሞ ሰዎች «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ነው ያሉት። በተራበበት ይጮኻል ያለ የለም።

ሌላው ኮሜንት ከዚህ ይከብዳል። «ሰው በሚራብበት አገር አንተ ለውሻ ግራም ትቆጥራለህ?» አዎ እቆጥራለሁ። ጥያቄውን አልንቀውም፤ እኔም ከረጢቱን ተሸክሜ ስገባ ደረጃው ላይ ከተቀመጡት እናት ዓይን መሸሽ ያምረኛል። ግን ሳይቆጥር የሚሰጠው ሰው ነው የሚያባክነው። ያ 8 ኪሎ ተኩል ትርፍ በወር ወደ ውሻው ስብ ከሚሄድ ኪሳችሁ ውስጥ ቢቀር ምን ታደርጉበት እንደነበር እናንተ ታውቃላችሁ። ደግሞም ይሄን ፍጡር «ና» ብለን ያመጣነው እኛ ነን። ውሻ መያዝ ግዴታ አይደለም። ወሩን ሙሉ 12 ወይም 13 ኪሎ ደረቅ ምግብ መግዛት የማይችል ሰው 32 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ባያመጣ ይሻላል፤ የሐበሻው ውሻ በስምንት ኪሎ አይሞላም፣ ጩኸቱም አያንስም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ብሎኮቹ መሐል ቀበቶ አንገታቸው ላይ እንዳለ የሚንከራተቱትን ትልልቅ የፈረንጅ ውሾች አይታችኋል? ቡችላ ሳሉ ያማሩ፣ ሲያድጉ ከረጢቱ ያስደነገጣቸው ሰዎች ናቸው የለቀቋቸው።

ሙሉ በሙሉ በደረቅ ምግብ የሚቀልብ ብዙ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። እኔም አልቀልብም። ግማሹ የቤት ምግብ ከሆነ ደረቁን በግማሽ ቀንሱ፤ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። ሙሉውን ደረቅ ሰጥቶ ላዩ ላይ ትራፊ ይደፋበታል። ቅንጬ፣ ሩዝ፣ ከሥጋ ቤት የመጣ የተቀቀለ ሥጋ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ወጥ ግን አይደለም። ወጣችን ግማሹ ሽንኩርት ነው፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ መብሰሉ አያድነውም። የበሰለ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። በዓል ላይ የሚታረደው በግ ሳንባና ጉበት ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለው በጥሬው ለውሻ መወርወር ደግሞ ለውሻው ብቻ አይደለም ለእናንተም አደጋ ነው፤ የውሻ ኮሶ ትል በዚያ ይገባና በሰገራው በኩል ወደ ልጆቻችሁ ይመለሳል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ጾም ላይ ደግሞ ውሾቻችን አብረውን ይጾማሉ። ሁዳዴ 55 ቀን እንጀራ በሽሮ፣ በፋሲካ ማግስት አጥንትና ጮማ በአንዴ። ከዚያ ማስታወክና ተቅማጥ፣ የጣፊያ አጠገቡ ቆሽት ሁሉ ሊቆጣ ይችላል። ደረቁ ምግብ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ውሻው አልተጠመቀም፣ ጾሙም በዓሉም አይመለከተውም፣ 249 ግራሙ ሐምሌም ሚያዝያም ያው ነው።

ቡችላ ያላችሁ በዚህ ስሌት አትሂዱ። እስከ አራት ወር በ1.6 ፈንታ በ3፣ ከዚያ በኋላ በ2 ይባዛል፤ በየሁለት ሳምንቱ እየመዘናችሁ። የምታጠባ እናትም ከዚህ ሁሉ ውጭ ናት፣ የቻለችውን ያህል ትብላ። የትልቅ ዝርያ ቡችላ ግን «ቶሎ ይደግ» ተብሎ አይጎረስም፤ ከመጠን በላይ ምግብና ተጨማሪ ካልሲየም አጥንቱንና መገጣጠሚያውን ያበላሽበታል። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች የቀኑን በአንዴ ሳይሆን ለሁለት ከፍላችሁ ስጧቸው፤ ሆዳቸው ተነፍቶ ሲጠመዘዝ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። ትንሽ ውሻ ያላችሁ ደግሞ ርካሽ ነው ብላችሁ ባለ 20 ኪሎውን አትግዙ። በ88 ግራም ሰባት ወር ተኩል ይፈጃል፤ ተከፍቶ ከወር ተኩል በላይ ከቆየ ቅባቱ ይሻግታል።

አራተኛ ፎቅ ወዳለችው ወፍራሟ ልመለስ፤ ለእሷ የሚቆረቆር ሰው ስለሌለ። የራበውን ውሻ አይተን እናዝናለን፣ የወፈረውን አይተን «እንዴት ታምራለች» እንላለን። አሜሪካ ውስጥ 48 ላብራዶሮችን ከቡችላነት እስከ ሞት የተከታተለ ጥናት አለ፤ ውጤቱ የወጣው በ2002 ነው። ግማሾቹ ከጓደኞቻቸው 25 ከመቶ ያነሰ ምግብ ተሰጣቸው። እነዚያ ቀጠን ያሉት አማካይ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሆነ፣ የሌሎቹ 11 ዓመት ከ2 ወር አካባቢ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም! የመገጣጠሚያ ሕመሙም ዘግይቶ መጣባቸው። እንግዲህ ጎረቤቴ «አሳዘነችኝ» እያለች ከምሳዋ ላይ የምታጎርሳት ጉርሻ ለ4 ኪሎ ውሻ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ለትልቁ ቅንጣት የሆነው ለእሷ እራት ነው። ከቀኑ ምግብ አስር ከመቶ በላይ ጉርሻ አይሁን፤ ለእሷ ይሄ ከ9 ግራም ደረቅ ምግብ አይበልጥም። ፍቅርን በግራም መቁጠር ደስ እንደማይል አውቃለሁ፣ ጎረቤቴም ይሄን ካነበበች ቡና መጥራቷን ታቆማለች ብዬ ፈርቻለሁ።

በሉ አሁን የቤት ሥራ። ውሻችሁን መዝኑና ኪሎውን፣ ዕድሜውን፣ ታስሮ ይውል እንደሆነና እንዳልሆነ ኮሜንት ላይ ጻፉ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስኩዌር ሩት ያስቸገራችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ እናንተ ቁጥሩን ራሳችሁ አውጡና ጻፉ፤ እኔ አርማለሁ። የሌሎቻችሁን ማታ ላይ ቁጭ ብዬ አሰላለሁ። ዘበኛ ወይም ሠራተኛ የሚቀልብላችሁ ሰዎች ደግሞ መልሱን ለእነሱም ላኩላቸው።